አብረው የሚሠሩ ሰዎች የጋራ መርሕ ስለሚያወጡበት መንገድ

ሰው ብቻውን ሆኖ ሊፈጽመው የሚችለው ሥራ በጣም ጥቂት ነው። ገበሬው በደቦ ያርማል፤ ሸማኔው ፈታይዋ ባትኖር ድርና ማጉን ከየትም አያገኝም፤ ሐኪሙም ያለ አስታማሚው ብዙ ሊረዳ አይችልም። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ ይህንኑ መናገራቸው ነው። ዳሩ ግን ድሩ እንዲያብር የሚያደርገው ምንድን ነው? ብዙ ክር በአንድ ላይ ስለ ተከመረ ብቻ ገመድ አይሆንም፤ መገመድ አለበት። እንደዚሁም ብዙ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር ስለ ዋሉ ብቻ የሥራ ጓደኞች አይባሉም። ምን እንደሚያስቀድሙ፥ ምን እንደማያደርጉ፥ ሲሳሳቱም እንዴት እንደሚተራረሙ አስቀድመው የተስማሙበት አሳብ ያስፈልጋቸዋል። ይህን የተስማሙበትን አሳብ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የጋራ መርሕ ብለን እንጠራዋለን።

የጽሑፉም ዓላማ የጋራ መርሕ ምን እንደ ሆነ፥ ከደንብ በምን እንደሚለይ፥ በአገራችንና በውጭ አገርም እንዴት እንደ ተሠራበት ከገለጸ በኋላ፥ እኛ ተማሪዎች ነገ ወደ ሥራ ዓለም ስንገባ እንዴት ልናወጣው እንደምንችል ማመልከት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ነገር

ስለዚህ ጉዳይ እንዳስብ ያደረገኝ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ በረዳትነት እሠራ ነበር። ባለቤቱን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ነበርን። በግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ባለ 14 ቍጥር ደንብ ተሰቅሏል። ከነዚህም አንዱ የመጋዙን መከላከያ ክዳን ሳይገጥሙ መሥራት ክልክል መሆኑን ይናገራል። ደንቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ከእኛ መካከል እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ክዳኑ ተገጥሞ ሲሠራ ጊዜ ስለሚወስድ፥ ትእዛዝ በበዛ ቀን አውልቆ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር። ባለቤቱም እያየ ዝም ይል ነበር።

በሐምሌ ወር መጨረሻ ለማግሥቱ መድረስ የነበረበት የወንበር ሥራ ሲጣደፍ ሳለ፥ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጠው ለማጅ በኤሌክትሪኩ መጋዝ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አጣ። ሥራው ለሦስት ቀን ቆመ። ሰዎቹም እርስ በርሳቸው ይካሰሱ ጀመር። ባለቤቱ «ደንቡ ተጽፎ የለም ወይ?» አለ፤ ሠራተኞቹም «ታዲያ ማን ያቻኵለን ነበር?» ሲሉ መለሱ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ደንቡ በግድግዳው ላይ ነበረ፤ ነገር ግን የእኔ ነው የሚለው ሰው አልነበረውም።

ደንብና መርሕ

ደንብ ማለት አንድ የታወቀ ነገር ሲያጋጥም ምን መደረግ እንዳለበት የሚያዝ ቃል ነው። «ሥራ የሚጀመረው ከጧቱ በ2 ሰዓት ነው» ቢባል ይህ ደንብ ነው። መርሕ ግን ደንቡ ያላሰበው ነገር ሲመጣ፥ ወይም ሁለት መልካም ነገሮች ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም የሚያመለክት አሳብ ነው። ለምሳሌ ሥራን በቀጠሮው ቀን ማድረስ መልካም ነው፤ የሰውን አካል መጠበቅም መልካም ነው። ሁለቱ ባልተጋጩበት ቀን ሰው ሁሉ ሁለቱንም ይወዳል። የመርሕ ጥቅም የሚታየው ግን ሁለቱን አንድ ላይ መፈጸም በማይቻልበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ «በትጋት እንሥራ»፥ «እንዋደድ»፥ «ሥራችንን እናክብር» የሚሉት ቃላት ምንም እንኳ ያማሩ ቢሆኑ፥ ማንም ሰው የማይቃወማቸው ስለ ሆኑ በጭንቅ ሰዓት መንገድ አያሳዩም። «ከጥድፊያ የሰው አካል ይቀድማል» የሚለው ግን ያሳያል፤ የሚቀረው ነገር ምን እንደ ሆነ አብሮ ይናገራልና።

ከአገራችን ልማድ፥ ዕድር

ይህ አሳብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የዕድርን አሠራር እንመልከት። ጎረቤቶች ዕድር ሲያቋቁሙ ሰብሳቢ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ መተዳደሪያ ደንብም ያወጣሉ። የወር መዋጮው ስንት እንደሚሆን፥ ከአባል ቤት ሰው ሲሞት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚሰጥ፥ ከቀብር የቀረ ሰው ምን እንደሚቀጣ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ አባላቱም ይከራከሩበታል፤ ሲስማሙም ይጸድቃል። ከዚህ የተነሣ አንድ ዕድርተኛ ከቀብር ቀርቶ ቅጣት ሲጠየቅ ቢያጕረመርም እንኳ «ይህን ማን አወጣው?» ሊል አይችልም። ያወጣው እርሱ ራሱ ነውና።

ከደንቡ ሁሉ በስተኋላ ያለው መርሕ ደግሞ አንድ ነው፤ ይኸውም ማንም ሰው በሐዘኑ ቀን ብቻውን አይቅር የሚል ነው። በብዙ ዕድሮች ባለጸጋውም ድኻውም እኩል አዋጥቶ እኩል መረዳቱ ከዚሁ መርሕ የመነጨ ነው። ደንቡ ያላሰበው ነገር ሲያጋጥምም ዕድርተኛው ወደዚሁ መርሕ ተመልሶ ይመክራል። እንግዲህ ሰው በሰፈሩ የሚያውቀውን ይህን ጥበብ በሥራ ቦታው ለምን ይረሳዋል? ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ጥያቄ ነው።

ከውጭ አገር ሦስት ምሳሌዎች

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

የመጀመሪያው ምሳሌ በእንግሊዝ አገር ሮችዴል የምትባለው የፋብሪካ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን የሸማኔዎችና የሌሎች ሠራተኞች ኑሮ እጅግ የተጨነቀ ነበር። ደመወዛቸው አነስተኛ ነበረ፤ ነጋዴዎችም በዱቤ እየሸጡ በዕዳ ያስሯቸው፥ ዱቄቱንም ከባዕድ ነገር ጋር እየቀላቀሉ ይሸጡላቸው ነበር። በ1844 ዓ.ም. 28 ያህል ሰዎች ጥቂት በጥቂት ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። በመጀመሪያ የሸጡት ቅቤ፥ ስኳር፥ የስንዴ ዱቄትና የአጃ ዱቄት የመሰለውን ጥቂት ነገር ብቻ ነበር። ሱቂቱን ያቆመቻት ግን የዕቃው ብዛት ሳይሆን አስቀድመው የተስማሙበት መርሕ ናት። ንጹሕ ዕቃ በትክክለኛ ሚዛን እንሸጣለን፤ በዱቤ አንሸጥም፤ እያንዳንዱ አባል፥ ገንዘቡ ቢበዛም ቢያንስም፥ አንድ ድምፅ ብቻ ይኖረዋል፤ ትርፉም በገንዘቡ መጠን ሳይሆን እያንዳንዱ በገዛው መጠን ይከፋፈላል ተባባሉ። እያንዳንዱ መርሕ ከአንድ የቆሰሉበት ነገር የተወለደ መሆኑን ልብ ይሏል። በዕዳ ስለ ተጨነቁ ዱቤን ከለከሉ፤ ስለ ተታለሉ ሚዛንን አስቀደሙ። ዛሬ በዓለም ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚመሩባቸው ሰባት መርሖች፥ በ1995 ዓ.ም. እንደገና ተሻሽለው ሲጻፉ፥ መሠረታቸው ይኸው የሮችዴል አሳብ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የሆነው ነው። በ1932 ዓ.ም. ሄርበርት ቴይለር የሚባል ሰው የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ኩባንያ ለማዳን ተሾመ። ኩባንያው ዕዳው ከሀብቱ በልጦ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ቴይለር ማንኛውንም ነገር ከመናገርና ከማድረግ በፊት ሠራተኛው ራሱን የሚጠይቃቸው አራት አጫጭር ጥያቄዎች ጻፈ። አሳባቸውም፥ ነገሩ እውነት ነው ወይ? ለሚመለከታቸው ሁሉ ፍትሐዊ ነው ወይ? በጎ ፈቃድንና ወዳጅነትን ያመጣል ወይ? ለሁሉስ ይጠቅማል ወይ? የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ሊደነቅ ይገባል። ጥያቄዎቹን ወዲያው በሠራተኞቹ ላይ አልጫነም። አስቀድሞ ለ60 ቀን ያህል በራሱ ሥራ ላይ ፈተናቸው፤ መፈጸማቸውም ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አየ። ቀጥሎም የተለያየ ሃይማኖት ያላቸውን አራት የክፍል ሹሞች ጠርቶ ከእምነታችሁ ጋር የሚጋጭ ነገር አለበት ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ የለበትም አሉት። ከተስማሙም በኋላ ስለ ዕቃው በማስታወቂያ የሚነገረው «ከሁሉ የበለጠ» የሚለው፥ ማረጋገጥ ያልቻሉት ቃል እንዲቀር ተደረገ። ኩባንያውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዕዳውን ከፍሎ ጨረሰ። አራቱን ጥያቄዎች ሮታሪ የሚባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1943 ዓ.ም. የራሱ አድርጎ ተቀበላቸው።

ሦስተኛው ምሳሌ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው የመድኀኒት ኩባንያ ነው። የኩባንያው መሪ ሮበርት ዉድ ጆንሰን በ1943 ዓ.ም. በአንድ ገጽ ላይ የኩባንያውን ግዴታ በተራ ጻፈ። የመጀመሪያው ግዴታ ለሐኪሞች፥ ለእናቶችና ዕቃውን ለሚጠቀሙ ሁሉ ነው፤ ሁለተኛው ለሠራተኞች ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሕዝብ፥ የመጨረሻው ግን ለባለ አክሲዮኖች ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ጽሑፉ በየቢሮው ተሰቅሎ ነበር፤ ሰው ግን ይረሳው ጀመር። በ1970ዎቹ ጄምስ በርክ የተባለው ኀላፊ ሹማምንቱን ሰብስቦ፥ የምናምንበት ከሆነ እንሥራበት፥ የማናምንበት ከሆነ ግን ከግድግዳው እናውርደው አላቸው። ተከራክረው ማሻሻያ አደረጉበት። በ1982 ዓ.ም. በቺካጎ አካባቢ አንድ ያልታወቀ ወንጀለኛ ታይለኖል በሚባለው መድኀኒት ውስጥ መርዝ ጨምሮ 7 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፥ ኩባንያው ከመላው አሜሪካ 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ መልሶ ሰበሰበ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረበት። ማን እንደሚቀድም አስቀድመው ተከራክረው ስለ ነበረ በጭንቁ ሰዓት መንገዱ አልጠፋቸውም።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሳናጐድል ለመናገር፥ ይኸው ኩባንያ በኋለኞቹ ዓመታት በሌሎች ምርቶቹ ምክንያት በብዙ ሺህ የሚቈጠር ክስ ቀርቦበታል። ከዚህም የምንማረው ነገር አለ። መርሕ አንድ ጊዜ በመልካም ስለ ተሠራበት ብቻ ለዘለዓለም አይጠብቅም። በየጊዜው ካልተመረመረ ይዝጋል።

አወጣጡ

ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ እንመለስ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌው አናጢ ባለቤቱን «እኔና አንተ ያንድ ዕድር ሰዎች ነን። በዕድራችን ሰው ሲጎዳብን ተቀምጠን እንመክራለን፤ እዚህ ግን እንጯጯኻለን። እስቲ እንደ ዕድራችን እንቀመጥ» አሉት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም በክብ ተቀመጥን። ከዚያ ቀን የተማርኩትን በአምስት ከፍዬ ላቅርብ።

አንደኛ፥ ሁሉም ይጠየቅ፤ ከታናሽም ይጀመር። በእኛ ልማድ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ ቢኖረውም ዝም ይላል። ሽማግሌው ይህን ስለሚያውቁ «ዛሬ ከልጆቹ እንጀምር» አሉ። ለማጁ እጁ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ መጥቶ ነበር። ሲጠየቅ ብዙ አልተናገረም። «‹ፍጠን› ያለኝ ብዙ ሰው ነው። ‹ቁም› ያለኝ ግን አንድም አልነበረም» አለ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ይህ አሳብ በግድግዳው ላይ ካሉት 14 ቍጥሮች በአንዱም ውስጥ አልነበረም።

ሁለተኛ፥ መርሕ ከደረሰ ችግር ይነሣ። ከሌላ ቤት የተቀዳ ያማረ ቃል ከማንበብ ይልቅ፥ «ባለፈው ዓመት ያጣላን ምንድን ነው? የጎዳን ምንድን ነው? ያሳፈረን ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። የሮችዴል ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ፥ ጥቂትና ግልጽ ይሁን። ሰው ሥራ ላይ ሆኖ 14 ቍጥር ሊያስታውስ አይችልም። በዚያ ቀን የወጡት አራት ብቻ ነበሩ። እነዚህም፤
1. ከጥድፊያ የሰው አካል ይቀድማል።
2. አደጋ ያየ ሰው፥ ማንም ይሁን ማን፥ «ቁም» ይበል። «ቁም» ያለ አይወቀስ።
3. የተበላሸ ሥራ አይደበቅ። ያበላሸ ይናገር፤ የተናገረውንም እናግዘው።
4. ለደንበኛ የማናደርስበትን ቀን አንስጥ።

በሁለተኛው ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ ሠራተኛ «ልጅ ታላቁን ሰው ‹ቁም› ቢል ስድብ አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው አናጢም «መጋዝ አንተና አንቱ አይለይም። በመኪናው አጠገብ ‹ቁም› ይበሉኝ፤ ከመኪናው ስርቅ ‹ይቁሙ› ይሉኛል» ብለው መለሱ። ሁላችን ሳቅን፤ ነገሩም በዚሁ ተወሰነ። እንዲህ ያለው ክርክር ጊዜ ማባከን መስሎ ቢታይም፥ ቃሉ የሁሉም የሚሆነው በዚህ ነው።

አራተኛ፥ ኀላፊው አስቀድሞ ይታሰርበት። አራተኛው መርሕ በዋናው ነገር የሚመለከተው ባለቤቱን ነበር፤ ለደንበኛ ቀጠሮ የሚሰጠው እርሱ ነበርና። ቢቀበለው ትእዛዝ ሊቀርበት ይችላል። ትንሽ ካሰበ በኋላ ተቀበለው። እርሱ ባይቀበለው ኖሮ የቀሩት ሦስቱ ደካማውን ብቻ የሚያስሩ በሆኑ ነበር።

አምስተኛ፥ በተወሰነ ጊዜ ይመርመር። በየሦስት ወሩ ተቀምጠን የትኛው ተሠራበት፥ የትኛው ተረሳ፥ የትኛው ይሻሻል ብለን እንድንነጋገር ቀን ቈረጥን።

ፈተናው

መርሕ የሚታወቀው በሚፈተንበት ቀን ነው። በነሐሴ መጨረሻ ለአንድ ሰርግ የሚደርስ አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራ ነበር። መጋዙ ላይ የነበሩት ሽማግሌው አናጢ ናቸው። እኔ እንጨት ሳቀብላቸው ሳለሁ የክዳኑ ብሎን ላልቶ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጉሮሮዬ ደረቀ። በዕድሜ አያቴ የሚሆኑትን ሰው በሥራ መካከል ማስቆም ቀላል ነገር አይደለም፤ ደግሞም የተሳሳትኩ እንደ ሆነ መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ነገር ግን የለማጁ ቃል ትዝ አለኝና «ቁም!» ብዬ ጮኽኩ። መጋዙን አጠፉት። ሲታይ ክዳኑን የሚይዘው ብረት ተሰንጥቆ ኖሯል። መለወጫው እስኪገኝ ግማሽ ቀን ሄደ፤ ሥራው አንድ ቀን ዘገየ፤ ደንበኛውም ተቈጥቶ ከዋጋው ላይ ቀነሰ።

ባለቤቱ ያን ዕለት እስከ ማታ ፊቱ እንደ ጠቈረ ዋለ። ነገር ግን አንድ ቃል እንኳ በማንም ላይ አልተናገረም። እኔም መርሕ ማለት ምን እንደ ሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ባይስማማ ኖሮ ይቈጣ ነበር፤ የተስማማ ሰው ግን ቢከፋውም ቃሉን ይጠብቃል።

ሊታወቅ የሚገባው ወሰን

የጋራ መርሕ የሕግን ቦታ ሊይዝ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ሠራተኞች ተስማምተዋል ተብሎ ይህ ግዴታ ሊቀር አይችልም። እንዲሁም «የጋራ መርሕ አለን» እየተባለ ቅሬታ ያለውን ሰው አፍ ለማዘጋት የሚሞከርበት ቦታ ይኖራል። እንዲህ በሆነበት ቦታ መርሑ የጋራ መባሉ በስም ብቻ ነው። የጋራ መሆኑ የሚታወቀው ታናሹ ሠራተኛ በእርሱ ታላቁን ማስቆም የቻለ እንደ ሆነ ነው።

ማጠቃለያ

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ ይህን ነገር ሥራ እስክንይዝ ድረስ ማቈየት አያስፈልግም። በቤተ ሙከራ አሲድ ይዘን አብረን እንሠራለን፤ በቡድን የቤት ሥራ አንዱ ሲደክም አምስቱ ስማቸውን ብቻ የሚጽፉበት ጊዜ እንዳለ እናውቃለን፤ በእግር ኳስ ቡድናችንም ከጨዋታው ይልቅ ጭቅጭቁ የሚበዛበት ቀን አለ። በመጪው ዓመት መጀመሪያ እያንዳንዱ ቡድን ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ፥ ከታናሽ ጀምሮ ተጠያይቆ፥ ሦስት ወይም አራት መርሕ ቢያወጣ ብዙ ጠብ ይቀርለታል። መምህሮቻችንና ወላጆቻችንም፥ እኛ በአክብሮት «ቁም» ለማለት ስንሞክር እንደ ድፍረት እንዳይቈጥሩብን እንለምናለን።

ለማጁ ጣቶቹ አልተመለሱለትም። ሕክምናውን ባለቤቱ ከፍሎለታል፤ እርሱም ዛሬ በዚያው ቤት ቀለም መቀባት ይሠራል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አራቱን መርሖች የሚያስረዳው እርሱ ነው። ከወረቀት አያነብም፤ በቃሉ ይነግረዋል።